ስህተቱ ሳይዘለል፦ የመምህርት ሙሉዬ ገመዳ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሙሉዬ ገመዳ ከአባታቸው ከአቶ ገመዳ ጆቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ ዋቆ፣ ሰኔ 9 ቀን 1959 ዓ.ም. በያኔዋ ናዝሬት በዛሬዋ አዳማ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኘው ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥለው የተወለዱት ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው በማረፋቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጋሮምሳ ገመዳ በ1970 ዓ.ም. እስኪወለዱ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ወንድምና ያለ እኅት አደጉ። እናታቸው አዲሱን ሕፃን አሳዝለዋቸው «ይኼንን ለአንቺ ነው የወለድኩልሽ፤ አደራ» አሏቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ ይህን ያሉት በጨዋታ ነበር። ልጃቸው ግን እንደ ጨዋታ አልሰሙትም።

አባታቸው በእጅ የሚመታ ብሎኬት የሚያመርቱበት ግቢ ነበራቸው። ሙሉዬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አሸዋ ይነፋሉ፣ ውኃ ያርከፈክፋሉ፣ ሠራተኛ ሲጎድልም ሳንቃ ይይዛሉ። ከፎርማው ገና የወጣ እርጥብ ብሎኬት በእጅ ከነኩት ይፈርሳል። ስለዚህ በሳንቃው ላይ እንደተቀመጠ ተሸክሞ እስከ ማድረቂያው ቦታ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። አቶ ገመዳ ይህን ሳንቃ ያዥ ከሁሉም ሠራተኛ አስበልጠው ያዩት ነበር። «ፎርማ መቺው ቢቀርብኝ ራሴ እመታለሁ፤ ሳንቃ ያዡ ከቀረ ግን አሸዋውም ሲሚንቶውም እንደ ተከመረ ግቢው ይዘጋል» ይሉ ነበር። ይህች አነጋገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ምን ላይ እንደዋለች ወደፊት ይነገራል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን በጥሩ ውጤት አለፉ። የተመደቡት ግን እንደተመኙት ለሕክምና ትምህርት አልነበረም፤ ለላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ተላኩ። አላዘኑም። በ1980 ዓ.ም. ተመርቀው በያኔዋ ዝዋይ በዛሬዋ ባቱ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። ማይክሮስኮፑ መብራት ስላልነበረው በመስኮት በኩል በሚገባው የፀሐይ ብርሃን ይሠሩ ነበር፤ ፀሐይ ስትዞር ጠረጴዛውን ይዘው አብረዋት ይዞራሉ። ዓሣ አስጋሪዎች፣ የጋሪ ነጂዎችና የእርሻ ሠራተኞች በወባ ተመተው ይመጡ ነበር፤ ብዙዎቹም ደማቸው አንሶ፣ የዓይናቸው ሽፋን ነጥቶ። በዚያ አገር ለደም ማነስ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ወባው ይታከማል፣ የሆድ ትሉ ይወጣል፣ ከዚያም የብረት ክኒን ይታዘዛል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ሲድኑ በዓይናቸው አይተዋል። ሰው ደግፏት እንኳ ጋሪ ላይ መውጣት ያቃታት እናት ከሁለት ወር በኋላ የሽንኩርት ኩንታል ስትጭን ያየ ሰው በክኒኑ ቢተማመን አይፈረድበትም። የባቱ ሰው «ቀይ ክኒኗ ሙሉዬ» ይላቸው ነበር፤ ስሙን ወደውት ነበር።

በ1984 ዓ.ም. በአካባቢው የአትክልት እርሻ የግብርና ባለሙያ የነበሩትን አቶ ጫምሳ ዲንቃን አገቡ። አቶ ጫምሳ ከጋብቻው በፊት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ወባ ይዞኛል ብለው ለምርመራ መጥተዋል። ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ እስከ ዛሬ የሚመልሱት «ሁለቱ ወባ ነበሩ፤ ሦስተኛው ሌላ ሕመም ነው» ብለው ነው። ከጋብቻቸው ሲምቦ ጫምሳና ናኦል ጫምሳ የተባሉ ሁለት ልጆች አፍርተዋል። በ1988 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ አዳማ ተመልሶ፣ ሙሉዬ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ክፍል ተቀጠሩ፤ በአራተኛው ዓመትም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በዚህ መካከል አባታቸው ስላረፉ፣ የብሎኬቱን ግቢ አቶ ጋሮምሳ ተረክበው ይሠሩ ነበር።

ከዚህ የሚቀጥለው ክፍል በእንዲህ ያለ የቀብር ቀን ሊዘለል ይገባዋል ያሉ ቤተ ዘመዶች ነበሩ። ያልተዘለለበት ምክንያት በቦታው ይገለጻል።

በ1994 ዓ.ም. አቶ ጋሮምሳ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሳሉ ሳንቃውን እንደያዙ በመሐል መንገድ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ልባቸው ይመታል። እኅታቸው እሑድ ከጸሎት መልስ በእናታቸው ሳሎን ደማቸውን ወሰዱ፣ ሰኞም መረመሩት። የደም ሕዋሳቱ ትንንሽና ፈዛዛ ነበሩ። በባቱ ሺህ ጊዜ ያዩት መልክ ነበር። ካርድ አላወጡላቸውም። በጤና ተቋም የሚሠራ ሰው ዘመዱን ሰልፍ አያሰልፍም፤ ካርድም አያስወጣም፤ ይህ የሁላችንም ልማድ ነው። ወንድማቸውን ለሐኪም ከማሳየት ይልቅ በራሳቸው ዓይን ፈርደው የብረት ክኒን ሰጧቸው። በደም ውስጥ የተከማቸውን የብረት መጠን የሚለካውን ምርመራ አላሠሩም። ካርድ ስላልነበረ የጻፉትን አንብቦ «ይህ ነገር ልክ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

ክኒኑን ለሁለት ዓመት ሰጧቸው። አቶ ጋሮምሳ ሲደክሙ መጠኑን ጨመሩ። ይበልጥ ሲደክሙ ይበልጥ ጨመሩ። «ክኒኑን እየደበቅህ ትጥለዋለህ አይደል?» ብለው ይቆጧቸው ነበር። ወንድማቸውም «እትዬ፣ አሁንስ ሆዴ ውስጥ የሚስማር ፋብሪካ ነው የቀረኝ» እያሉ ይውጡ ነበር፤ አንዲትም ቀን አልጣሉም። ፊታቸው እየጠቆረ ሲሄድ ሰፈርተኛው ፀሐይ ነው አለ። ሆዳቸው በጎን በኩል እያበጠ ሲመጣ እናታቸው ነፋስ ነው አሉ። እኅታቸው ብቻ ሊያውቁ ይገባቸው ነበር። አላወቁም።

በነሐሴ ወር 1996 ዓ.ም. አቶ ጋሮምሳ በግቢያቸው ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበሏቸው፣ ወሎ ተወልደው አዳማ ያደጉት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዶክተር አብዱናሲር ነበሩ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ካርዱን አምጡልኝ» የሚል ነበር። ሙሉዬ «ካርድ የለውም፤ ወንድሜ ነው» አሉ። ዶክተሩም «ወንድምሽ ከሆነማ ሁለት ሊኖረው ይገባ ነበር» አሏቸው። ካርዱ በዚያ ቀን ወጣ። ለምርመራ የተላከው የብረት ክምችት ከጤነኛ ሰው ከሃያ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዳሌ አጥንታቸው መቅኔ ተወሰደ፤ ብረትን ሰማያዊ አድርጎ በሚያሳየው ቀለም የቀቡት ራሳቸው ሙሉዬ ነበሩ። በማይክሮስኮፑ ያዩትን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። ገና ወደ ደምነት በማደግ ላይ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ፣ በየአስኳሉ ዙሪያ ሰማያዊ የብረት ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ተደርድረው ከበዋል። ብረት አልጎደለም። ሞልቶ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሞላ ላይ ሲጨምሩ ኖረዋል።

ዶክተር አብዱናሲር ለቤተሰቡ ነገሩን አልሸፋፈኑም፤ ብረቱ ጉበታቸውንና ልባቸውን እየጎዳ ስለሆነ ካልወጣላቸው ሁለት ዓመት መቆየታቸውን እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። ክኒኑ በዚያው ዕለት ቆመ። ብረትን ከሰውነት የሚያወጣው መድኃኒት በከተማው አይገኝም ነበር፤ ዶክተሩ ባሕር ማዶ ባሉ የሙያ ጓደኞቻቸው በኩል አስመጡት። በቆዳ ሥር ለሰዓታት ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ መርፌ ነበር። ሙሉዬ ግን መርፌውን ራሳቸው አልወጉም። «ከእንግዲህ ለእሱ እኅቱ ብቻ ነኝ፤ ሐኪሙ ሌላ ነው» ብለው በክፍሉ ለነበረች ነርስ አስረከቡ። ከስምንት ወር በኋላ የአቶ ጋሮምሳ ደም ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። ያን ዕለት ሙሉዬ ውጤቱን የያዘውን ወረቀት አንብበው «ቁጥሩን እንደገና ይለካልኝ» አሉ፤ ተለካ፤ ያው ነበር።

ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪው በር ላይ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ተለጠፈ፦ «ዘመድም ካርድ ያወጣል።» ሕጉ ለማንም አልላላም። ወይዘሮ ሸጊቱ ስኳራቸውን ሊመረመሩ በመጡ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው ተሰለፉ፤ በሰልፉም ላይ ላገኙት ሁሉ «ይቺን ልጅ ጡቴን አጥብቼ አሳድጌ፣ ዛሬ ካርድ አውጪ ትለኛለች!» እያሉ ከሰሷቸው። ተራቸው ሲደርስ ልጃቸው ብድግ ብለው ተቀብለው፣ ካርዱን አይተው፣ ስማቸውን ሙሉውን ጠርተው አስቀመጧቸው። እናታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዳቸውን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ ያኖሩ ነበር።

መምህርት ሙሉዬ ግን በወንድማቸው መዳን ብቻ አልረኩም። ብረት የሞላበት አካል ለምን እንደ ተራበ ይሆናል? ይህን ጥያቄ ይዘው በ1998 ዓ.ም.፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የባዮኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አዲስ አበባ ገቡ። በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ተማሪ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳቸው ነበር። ያገኙትን መልስ ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሲያስተምሩት ኖረዋልና፣ እዚህ ላይ በራሳቸው አገላለጽ ማስፈሩ ተገቢ ነው።

በሕዋሳችን ውስጥ ያሉ ብዙ ፕሮቲኖች ሥራቸውን የሚሠሩት ከብረትና ከድኝ የተሠራች ደቃቅ ቋጠሮ ስትገጠምላቸው ነው። ከምንበላው ምግብ ኃይል የሚያወጡ፣ የዘር ቅጂያችን ሲጎዳ የሚጠግኑ ፕሮቲኖች ያለእሷ ዋጋ የላቸውም። ይሁን እንጂ ብረት ብቻውን ተለቅቆ ከተንቀሳቀሰ ሕዋሱን ይጎዳል፤ ድኝም ብቻውን መርዝ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ ሁለቱን ዝም ብሎ አይበጠብጣቸውም። ድኙን ከአንድ አሚኖ አሲድ ላይ ነቅሎ የሚያመጣ ፕሮቲን አለው። ቋጠሮዋ የምትሠራበት፣ እንደ ብሎኬት ፎርማ የሚያገለግል ሌላ ፕሮቲን አለው። ከፎርማው ሳትፈርስ ተቀብሎ ወደምትፈለግበት የሚያደርስ ደግሞ አለ። መምህርት ሙሉዬ እዚህ ሲደርሱ የአባታቸውን ግቢ ያነሡ ነበር፦ «ሳንቃ ያዡን አትናቁት።» በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ባሕር ማዶ በታተመ ጥናት ላይ፣ ልክ እንደ ወንድማቸው በአስኳሉ ዙሪያ ብረት የከበበበት ሰው ታሪክ አነበቡ። የጎደለው ይኸው ቋጠሮዋን የሚያቀብለው ፕሮቲን ነበር። የአቶ ጋሮምሳ የደም ናሙና በመምህራቸው አማካይነት ተልኮ በ2003 ዓ.ም. መልሱ መጣ። ያው ፕሮቲን ነበር፤ ከአባትም ከእናትም በተወረሰው መመሪያ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ ነበር።

ሕዋሱ ብረቱን እንዴት እንደሚቆጣጠር ሲያስረዱ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይል እንደነበር ተማሪዎቻቸው ይመሰክራሉ። በሕዋሱ ውስጥ ሁለት ሥራ ያለው አንድ ፕሮቲን አለ። ቋጠሮዋ ስትደርሰው የዕለት ሥራውን ይሠራል። ቋጠሮዋ ስትቀርበት ግን ሥራውን ትቶ አዛዥ ይሆናል፤ ትእዛዙም «ብረት አልቋል፤ አስገቡ» የሚል ነው። በጤነኛ ሕዋስ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ብረት በእውነት ሲያንስ ቋጠሮዎቹም ያንሳሉና ትእዛዙ በጊዜው ይደርሳል። ሳንቃ ያዡ በሌለበት ሕዋስ ግን ቋጠሮዋ የምትቀረው ብረት ጠፍቶ አይደለም፤ የሚያደርሳት ጠፍቶ ነው። አዛዡ ይህን አያውቅም። በግንባታው ቦታ ቆሞ ብሎኬት ሲቀርበት አሸዋ አልቋል ብሎ አንድ መኪና አሸዋ እንደሚያዝ ካቦ ነው፤ ግቢው በአሸዋ ታፍኖ ሳለ ሌላ መኪና ይጨምራል። መምህርት ሙሉዬ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «ያ ካቦ እኔ ነበርኩ» ይሉ ነበር። «ፈዛዛ ደም አየሁ፤ ብረት የለም አልኩ፤ ጨመርኩ። ግቢውን ገብቼ አላየሁም።»

ይህን ሲሉ ደም ያነሰው ሰው ሁሉ ብረት አይውሰድ ማለታቸው አልነበረም። የባቱን እናቶች ያዳነው ያው ክኒን መሆኑን አጥብቀው ይናገሩ ነበር። የሚያስተምሩት፣ ካልለኩ እንዳይጨምሩ፣ ጨምረውም ካልተሻለው እንዲያቆሙ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. በከተማው በሚገኝ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ መምህርት ሆኑ። ቋጠሮዋ አየር ሲያገኛት ስለምትበተን በምርምር ላይ ልትታይ የምትችለው ኦክስጅን በሌለበት ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ኮሌጁ ግን እንዲህ ያለ ሳጥን አልነበረውም። መምህርት ሙሉዬ ሥራውን አላቆሙም። ከዱከም አንድ ፋብሪካ የተረፈ ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ለምነው አመጡ። ከባቱ አበባ እርሻዎች ሠራተኞቹ ኬሚካል ሲረጩ የሚያጠልቁትን እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አመጡ። ለከብት ማዳቀያ ከሚመጣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ላይ ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት እየተቀነሰ እንዲሰጣቸው አስፈቀዱ፤ ናይትሮጅኑ እየተነነ አየሩን ከሳጥኑ ያስወጣል። አቶ ጋሮምሳ የሳጥኑን የብረት ማዕዘኖች በየዱላቸው። ቋጠሮዋን የያዘ፣ ከእርሾ የወጣ ፕሮቲን በሳጥኑ ውስጥ ቡናማ መልኩን እንደያዘ ቆየ፤ ከሳጥኑ ሲወጣ በተማሪዎቹ ዓይን ፊት እየገረጣ ሄደ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። መምህርቲቱ ግን «የምታጨበጭቡት ሲጠፋ ነው እንዴ? ሲቆይ ነበር ማጨብጨብ» ብለው አሳቋቸው። ሳጥኑ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።

በየዓመቱ በኅዳር ወር የመጀመሪያው ትምህርት በአንድ ዓይነት መንገድ ይጀመር ነበር። የ1996ቱ የመቅኔ መስታወት በማይክሮስኮፕ ሥር ይቀመጣል፤ ተማሪዎች ተራ በተራ ያያሉ፤ ከዚያም መምህርቲቱ በማን እጅ እንዲህ እንደሆነ ይናገራሉ። አቶ ጋሮምሳም ከግቢያቸው ሥራ ጫማቸውን ሲሚንቶ እንደነካው ይመጡና ከኋላ ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ «አሁን ደህና ነዎት ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ደህና ነኝ ልጄ፤ ብቻ ቆራሌው በሰፈራችን ሲጮህ ባለቤቴ በሩን ትዘጋብኛለች፤ እንዳይገዛኝ ፈርታ ነው» ብለው ክፍሉን በሳቅ አፈረሱት። እኅታቸው ግን አልሳቁም። ወንድማቸው በዚህ ነገር ቂም ይዘው አያውቁም፤ «ምን አደረግሽኝና ነው ይቅር የምልሽ?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ይህን መልስ አልነበረም። በደሉ እንዳልነበረ መቆጠሩን አይፈልጉም፤ መኖሩ ታውቆ፣ ተነግሮ፣ ከዚያ በኋላ ይቅር መባልን ይፈልጉ ነበር። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ወንድምና እኅት ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይስማሙ ኖረዋል።

መምህርት ሙሉዬ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው የሰንበት ትምህርት አስተማሪና የሴቶች ኅብረት ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። የተማሪን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አያርሙም ነበር፤ በእርሳስ ያርማሉ፣ ምክንያታቸውም «ተማሪውም እኔን ሊያርመኝ ይችላል» የሚል ነበር። በቁጣቸውም ይታወቁ ነበር፤ ያልለካውን ቁጥር የሞላ ተማሪ ከክፍላቸው ወጥቶ ለመመለስ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በዚያው ቀን ራሳቸው ተሰልፈው ካርድ አወጡ። በአዳማና በአዲስ አበባ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው፣ በዚህ ዓመት በመስከረም ወር ሕመሙ ወደ ጉበታቸው እንደተዛመተ ተነገራቸው። ያን ጊዜ የወንድማቸውን ልጅ ጠርተው የሕይወት ታሪካቸውን እንድትጽፍ አዘዟት። ሁለት ነገር አሏት። አንደኛው፦ «ልደቴን፣ ትዳሬን፣ ልጆቼን ጻፊ፤ የጋሮምሳን ክኒን ግን እንዳትዘልዪው።» ሁለተኛው፦ «ይነበብ አይነበብ የሚለው የአባትሽ ፈንታ ነው።»

መምህርት ሙሉዬ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ጽሑፉ ከሰዓት በኋላ ለቤተሰቡ ተነበበ። ታላላቆቻችን በቅንነት «በቀብር ቀን የሟች ስህተት አይወሳም፤ ይቅር» አሉ። ልጃቸው ሲምቦም እያለቀሱ «አይነበብ» አሉ። አቶ ጋሮምሳ ጽሑፉን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክኒኑ የተጻፈበትን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያም ለቤተሰቡ እንዲህ አሉ፦ «ስታስተምር አሥራ ስድስት ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሁሌ እየቀለድኩ ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ እንኳ መልስ አልሰጠኋትም። አዎ፣ ጎድታኝ ነበር። ሁለት ዓመት። ያን ጻፉት። የሁለቱ ዓመት ከተጻፈ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ያለው ሃያ ሁለት ዓመትም ይጻፍ። ይቅር ብያታለሁ፤ ይኼም ይጻፍ።»

ሁሉም ተጽፏል።

መምህርት ሙሉዬ ከባለቤታቸው ከአቶ ጫምሳ ዲንቃ፣ ከልጆቻቸው ከሲምቦና ከናኦል፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸጊቱ ዋቆ፣ ከወንድማቸው ከአቶ ጋሮምሳ ገመዳና ከቤተሰባቸው ተለይተዋል። ያስተማሯቸው የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዛሬ ከዱከም እስከ ሻሸመኔ ባሉ ጤና ተቋማት ይሠራሉ፤ በአንዳንዶቹም በር ላይ «ዘመድም ካርድ ያወጣል» የሚል ወረቀት እንደተለጠፈ ነግረውናል። በሕመማቸው ላስታመሟቸው ሐኪሞች፣ በተለይም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ቤት ወንድም ሆነው ለኖሩት ለዶክተር አብዱናሲር፣ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

መቅኔው በሰማያዊ ቀለም ከታየበት ቀን ጀምሮ መምህርት ሙሉዬ በየዕለቱ የሚጸልዩት አንድ አጭር ጸሎት ነበራቸው፦ «ጌታ ሆይ፣ ተራውን አታፋልስ፤ ታላቅ ይቅደም።» ሦስት ታናናሾቻቸው በሕፃንነታቸው ሲቀበሩ ያዩ ሰው የአራተኛውን ማየት አይችሉም ነበርና። ዛሬ ታላቅ ቀድመዋል። በመቃብራቸው ላይ የመጀመሪያውን አፈር የሚያለብሱት፣ ሁለት ዓመት መቆየታቸው አጠራጣሪ ነው የተባሉት ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። በገዛ እግራቸው ቆመው፣ በገዛ እጃቸው።

ከእጃችን የሚቀበላት ጌታ ነፍሳቸውን ሳትፈርስ ተሸክሞ ወደ ዕረፍቷ ያድርሳት። አሜን።